ለሁለት የሚበቃ ጉሮሮ

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ እንቅልፍ ግን ወይ ፍንክች። መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ በልብስ መቆንጠጫ አያይዞታል፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፏል፣ ትራሱን ሦስቴ ገልብጦታል። ከሥር፣ ከምድር ቤት፣ የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ በተራ የሚጠቀምበት ልብስ ማጠቢያ ማሽን በተሽከረከረ ቁጥር አልጋው አብሮ ይንዘፈዘፋል። እሱና የሥራ ባልደረቦቹ ላቦራቶሪ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሌዘር ጨረሩን መንገድ ሲያስተካክሉ ነው ያደሩት፤ ጠዋት ላይ የክፍሉ ኃላፊ፣ «ሂዱ ተኙ፤ አሥር ሰዓት ላይ እንተኩሳለን» ብላ አሰናበተቻቸው። ሌሎቹ ይኼኔ ያንኮራፋሉ። አልጋው እሾህ የሆነበት እሱ ነው፤ ምክንያቱም ፈርሟል። «የጨረሩ ገጽ ንጹሕ ነው» ከሚለው መስመር ሥር ፊርማውን አስቀምጧል፣ ንጹሕ መሆኑን ግን አያውቅም።

ነገሩ ሲያዩት የሰናፍጭ ፍሬ አያክልም። ንጋት ላይ የጨረሩ ምስል ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ክቡ ለስላሳ ነበር፣ ደስ ይል ነበር፣ ቀኝ ጠርዙ ላይ ግን አንዲት ነጥብ ከጎረቤቶቿ ደመቅ ብላ ተቀምጣለች። የካሜራ አቧራ ናት አለ በሆዱ፣ ከአሥር ዘጠኙ አቧራ ነው። ማወቂያው ዘዴ ደግሞ ቀላል ነው፤ ካሜራውን ገፋ ታደርገዋለህ፣ ነጥቧ ስክሪኑ ላይ ካለችበት ካልተነቃነቀች አቧራ ናት፣ ከጨረሩ ጋር አብራ ከሄደች ግን የጨረሩ ናት። ገፋ አደረገው። አብራ ሄደች። ወይስ የሄደች መሰለው? ዓይኑ ቀልቷል፣ ወገቡ ተቆርጧል፣ ኃላፊዋ ከኋላው ቆማ፣ «በቃ? ንጹሕ ነው?» ትላለች፤ ከሰዓት የሚመጡ እንግዶች አሉ፣ ከሩቅ የመጡ፣ ሥራው ይቀጥል ወይ ይቁም የሚሉት እነሱ ናቸው፣ እሱም «ንጹሕ ነው» አለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባለ ያደገ ሰው ምን ይበል?

ማሽኑ ቆመ። ደግሞ ጀመረ። ጎን ይለውጣል። ነጥቧ ከተሸፈነ ዓይኑ ሥር እንኳ አልጠፋ አለች። ብርጭቆዋን ያስባታል፤ ከወረቀት ብዙም የማትወፍር፣ ሰሃን የምታክል ስስ ብርጭቆ፣ ጨረሩ መንገድ ላይ እንደ መስኮት የቆመች። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉው ጨረር በእሷ ውስጥ ሊያልፍ ነው። ብርጭቆዋ አንድ ክፉ ጠባይ አላት፤ ጨረሩ ላይ ደመቅ ያለች ነጥብ ካገኘች ያቺን ነጥብ ትሰበስባታለች፣ ታጠባታለች፣ ታግላታለች፣ እንደ መርፌ አድርጋ ትለቃታለች። ከብርጭቆዋ ጀርባ ያሉት መስታወቶች ታዘው እስኪደርሱ አሥራ አራት ወር ፈጅተዋል። መርፌዋ እነሱን ከበሳቻቸው እንግዶቹ ኮታቸውን ለብሰው ይሄዳሉ፤ በቃ፣ እዚያ ላይ ያበቃል።

ሥራው ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት ድሮም አይሆንለትም ነበር። ለጋሼ ግን አስረድቷል፣ ባለፈው ሳምንት፣ በስልክ። ጋሼ ታላቅ ወንድሙ ነው። «የብርሃን ምት ናት፣ ጋሼ። ብልጭ ትልና ታልፋለች። ጉልበት አንጨምርላትም፣ ጊዜዋን ነው የምናሳጥረው። ያው ጉልበት ባጠረ ጊዜ ውስጥ ሲወጣ ይበረታል።» ምሳሌ ፈለገ። «እንዴት ልበልህ፣ አርባ ተሳፋሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ በአንድ ቢገባ በሩ ምንም አይሆንም። አርባው ባንድ አፍታ ቢገባስ?» የእታለም ሳቅ ተሰማው፤ እታለም የሚላት የጋሼን ሚስት ነው። «'በሩን ገንጥለው ነው የሚገቡት፣ አይቻቸዋለሁ' ብሎ ጻፈ» አለችው። «አዎ! እንደሱ ነው። ታዲያ ብርሃኗ ውስጥ ብዙ ቀለም አለ። ስስ ብርጭቆ ውስጥ ስናሳልፋት ቀለሟ ይበዛል፣ ግን ይንጠባጠባሉ፤ ቀዩ ይቀድማል፣ ሰማያዊው ይጎተታል። ከዚያ ልዩ መስታወቶች አሉ፤ የቀደመውን በረጅሙ ያዞሩታል፣ የዘገየውን በአቋራጭ ይለቁታል። ሁሉም እኩል ከች ይላሉ።» እስክሪብቶ ሲንጫጫ ተሰማ፣ እታለም አነበበች፦ «'ታዲያ አንተም ተራ አስከባሪ ሆነህ ቀረህ! ይኼን ለመማር ነው ባሕር የተሻገርከው?' ይልሃል። ኧረ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ብታየው፣ እየሳቀ ነው እኮ።»

እየሳቀ ነው። ድምፅ የሌለው ሳቅ። አሁን በስልኩ መስመር ውስጥ የጋሼ ሳቅ ማለት የእታለም ወሬ ነው፤ ትነግረዋለች፣ እሱ ያምናታል።

ጋሼ በአሥራ ሦስት ዓመት ይበልጠዋል። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሄዱ እሱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ጋሼ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ የሚኒባስ ተራ አስከባሪ። ጉሮሮ ነበረው! «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ሲል ሦስት መንደር ይሰማል፤ አንድ ሰው ቀረው የተባለው መኪና ታዲያ ሲገቡበት ባዶ ነው። አኮረፍን ያሉ ሹፌሮችን በቀልድ ያስታርቃል፣ ሌባ በስሙ ይጠራል፣ አሮጊት ከነዘንቢሏ ተሸክሞ ያሳፍራል። ታናሹ ደግሞ ከአፉ ቃል የሚወጣው በመከራ። አንድ ቀን መምህሩ ጋሼን ትምህርት ቤት አስጠርቶ፣ «ልጁ ጎበዝ ነው፣ ግን አይናገርም፤ ምን ሆኖ ነው?» ቢለው ጋሼ ኮፍያውን አውልቆ፣ «እሱ ይማር እንጂ ጌታዬ፣ የኔ ጉሮሮ ለሁለት ይበቃል» አለ። በቃም። ለደብተርም በቃ፣ ለዩኒፎርምም፣ በመጨረሻ ለአውሮፕላንም በቃ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሰው ሁሉ ሲላቀስ ጋሼ፣ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ጮኸና ጥበቃዎቹን ሳይቀር አሳቃቸው። እሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው ያለቀሰው።

ከአሥራ አንድ ወር በፊት ያን ጉሮሮ ሐኪሞች ቆርጠው አወጡት። ዕጢ ነው። አንገቱ ሥር ባለች ቀዳዳ ይተነፍሳል፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈን ያደርጋታል። ነፍሱ ተርፋለች፣ ይበላል፣ ይራመዳል፣ ይስቃል። ድምፁ ብቻ የለም።

ሰምቼ ነበር። በሆዱ የሚመላለሰው ይኼ ነው እንግዲህ፣ ማሽኑ አይደለም እንቅልፍ የነሳው፣ ነጥቧም ብቻዋን አይደለችም። ስልኩ ውስጥ የጋሼ የድምፅ መልእክቶች አሉ፣ ሠላሳ አንድ ናቸው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው፣ እንደ ሥራው፣ በወረቀት እየመዘገበ። አራተኛው ላይ ነው የሚጀምረው፤ «ደህና ነህ ወይ» ሲል «ወይ» የምትለዋ ላይ ድምፁ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል። ዘጠነኛው ላይ ሻክሯል። አሥራ ስድስተኛው ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «አቧራ ነው፤ መንገዱን ቆፍረውት» ይላል። ሠላሳ አንደኛው ላይ ሹክሹክታ ነው። ሰባት ወር። የሰከንድን ሚሊዮንኛ ወስዶ እሱን መልሶ ለቢሊዮን የሚከፍል ሰው፣ የዚያችን ቅንጣት እርዝማኔ እለካለሁ ብሎ ደመወዝ የሚበላ ሰው፣ ሰባት ወር ሙሉ ጆሮው ሥር የሚያልቀውን ድምፅ አልሰማም? ሰምቷል። «ማር በሎሚ ውሰድበት» ብሏል። ያን ሰሞን የሚያስረክበው ዘገባ ነበረበት።

ዘግይቶ ተሯሯጠ እንጂ። ጋሼን ለሁለት ወር እንኳ ወደዚህ አምጥቶ ለማሳከም ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ደወለ፤ ማሽን አነሳው። ማሽኑ፣ «ይቅርታ፣ አልሰማንዎትም፤ እባክዎ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይድገሙ» ይላል። ደገመ፣ ደጋገመ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ሰው አገኘ፤ ትሑት ልጅ ናት፦ «ታካሚው ፈቃዳቸውን በስልክ፣ በራሳቸው ድምፅ ማረጋገጥ አለባቸው።» «ድምፅ የላቸውም እኮ። የሚታከሙት ለእሱ ነው።» «ገባኝ። እንግዲያው ድምፅ እንደሌላቸው ራሳቸው ደውለው ይንገሩን።» ይኼን ለጋሼ ሲያወራለት እታለም፣ «ተው በቃህ፣ በሳቅ ትንፋሽ አጥሮት ሊሞትብኝ ነው!» ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

ስድስት ሰዓት ተኩል። ተነሥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ እግሩ ቀዝቃዛውን ወለል ነካ። ደወለ። የሚደውልላቸው እሑድ እሑድ ነው፤ ዛሬ ግን እሑድ አይደለም፣ ስለዚህ እታለም ገና ሳታነሣው ደንግጣለች፦ «ምነው ወንድሜ፣ ምን ሆንክ?»

«ደህና ነኝ፣ እታለም። እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ ነው። ጋሼ አለ?»

«ይኸው አጠገቤ ነው። ጥፍሩን እየቆረጠ ነው። ሁለታችንም እንድንሰማህ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌዋለሁ።»

ደንባቸው እንዲህ ነው፤ ጋሼ ስልኩን በጥፍሩ አንድ ጊዜ ካንኳኳ አዎ ነው፣ ሁለት ጊዜ ካንኳኳ አይ። ሌላውን ይጽፋል፣ እታለም ታነባለች። ስለዚህ ማውራት የታናሹ ዕጣ ሆኗል፤ ዕድሜ ልኩን «እሺ፣ አዎ፣ ደህና» ብሎ ስልክ የሚዘጋ ሰው አሁን አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻውን ያወራል፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ማሽኑ፣ ፎቁ ላይ ስለሚኖረው ማታ ማታ ግድግዳ ስለሚበሳው ጎረቤት። ዛሬ ግን ወሬው አልመጣለትም።

«ጋሼ» አለ። «ያኔ ድምፅህ ሲሻክር... ሰምቼ ነበር። ከመጀመሪያው። ሰምቼ ዝም አልኩ።»

የልብስ ማጠቢያው ውሃ ሲፈስ ይሰማል። ከዚያ ከወዲያ ጥፍሩ ሁለት ጊዜ አንኳኳ፣ ቆየት ብሎም ወረቀት ተገለበጠ፣ እስክሪብቶ ተንጫጫ፣ ረጅም ጊዜ።

«ቆይ» አለች እታለም፣ ድምፅዋ ተለውጧል፣ «ጽሑፉ አልነበብ አለኝ... 'እኔም ሰምቼው ነበር' ይላል።»

«ምን?»

«'ከአንተ በፊት ሰማሁት። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነገሩ ክፉ ከሆነ ሥራህን ጥለህ ትመጣለህ ብዬ ነው። ዛሬ ነገ እያልኩ እኔው ነኝ ያቆየሁት።'» አፍንጫዋን ሳበች። «አሁን የምናገረው ደግሞ የራሴን ነው፣ እሱ የጻፈውን አይደለም። እኔ አጠገቡ ነው የምተኛው፣ ወንድሜ። ሲያስለው እሰማለሁ፣ ትራሱ ላይ ደም አይቼ አጥቤዋለሁ። ስሙን መጥራት ፈራሁ። ሦስታችንም ሰምተናል። አንተ ብቻህን የምትሸከመው ነገር አይደለም፣ እሺ?»

ከወዲያ ሁለቱ እየተጠባበቁት ነው፤ የእታለም ትንፋሽ ይሰማል፣ የጋሼም ከቀዳዳዋ የሚወጣው ትንሽ የሚያፏጭ ትንፋሽ ይሰማል። ያን ትንፋሽ ከዚህ በፊት ልብ ብሎት አያውቅም።

«ዛሬም አንድ ነገር አይቼ ዝም ብያለሁ» አለ በመጨረሻ፣ ስለ ነጥቧም ስለ ፊርማውም ነገራቸው፣ ጠቅላላውን፣ አንድም ሳያስቀር።

እስክሪብቶው ተንጫጫ። «'መቼ ነው የምትተኩሱት?' ይልሃል።»

«አሥር ሰዓት ላይ።»

«'ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?' ይልሃል።»

ካልሲውን ገልብጦ እንዳደረገ ያወቀው አውቶብስ ፌርማታው ላይ ነው። ፌርማታው ጸጥ ያለ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ደቂቃ ይቆጠራል፣ ሰዎቹ በመሃላቸው አንድ አንድ ክንድ ትተው ቆመዋል፣ ማንም ማንንም አይጠራም። ምን ብዬ ልጀምር ይላል። እንቅልፍ ስላልወሰደኝ፣ ዓይኔ ስለደከመ... የለም፣ ሰበብ አይደለም። አይቼ ነበር ነው የሚባለው። ላቦራቶሪው ሲደርስ ስምንት ተኩል ሆኗል። የጫማ አቧራ የሚይዘውን ተለጣፊ ምንጣፍ ረግጦ፣ ጫማው ላይ ላስቲክ አጥልቆ፣ ጸጉሩን ሸፍኖ ሲገባ ኃላፊዋን ከሁለት እንግዶች ጋር ቆማ ስታስረዳ አገኛት። በዕድሜ ታንሰዋለች፤ ሁለት ቀን አልተኛችም፣ ያም ሆኖ ከንፈሯን ቀለም ቀብታለች።

«አንዴ ላናግርሽ» አለ።

«ገና ነው እኮ፣ ምን ቀሰቀሰህ?»

«ጠዋት የፈረምኩትን ፊርማ እመልሳለሁ። ጨረሩ ላይ ነጥብ አለ። ካሜራውን ስገፋው ከጨረሩ ጋር አብሮ ሄዷል። አቧራ አይደለም ብዬ አስባለሁ።»

ወደ እንግዶቹ አየች፣ ወደሱ አየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ታስባለህ? ወይስ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ሳላውቅ ነው የፈረምኩት።»

ዞር ብላ፣ «እሳቸውን ጥራቸው» አለች። እሳቸው የመስታወቱ ሰው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት መስታወት ሲያጥቡ የኖሩ፣ በመጪው ዓመት ጡረታ የሚወጡ ሽማግሌ፤ መስታወቶቹን እንደ ላሞቻቸው ያናግሯቸዋል። የእጅ ባትሪ ይዘው፣ ከመንገዱ መጀመሪያ ተነሥተው፣ እያንዳንዱን በጎኑ እያበሩ ሄዱ። አንደኛው ንጹሕ። ሁለተኛው ንጹሕ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ የሱ ልብ ወርዶ ነበር፤ ሰው ሁሉ በከንቱ አስቆምኩ፣ አዋረድኳቸው እያለ ነው። ሰባተኛው ላይ ሽማግሌው ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።

«አንቺ ቀጣፊ» አሉ ለመስታወቱ በፍቅር። «እዚህ ነበርሽ?»

ጠርዙ አጠገብ፣ መርፌ ጫፍ የነካት የምትመስል ጠባሳ ነበረች።

ኃላፊዋ አይታት ቀና አለች። «ለምን ጠዋት አልነገርከኝም?»

«ፈራሁ።»

«ጠዋት ብትነግረኝ እቆጣህ ነበር» አለች። «አሁንም ተቆጥቻለሁ። ግን መስታወቶቼ ተርፈውልኛል።» ከዚያ ሄዳ ለእንግዶቹ ሁለት ቀን ጨምሩልኝ አለቻቸው። አንደኛው ተነጫነጨ፣ ሌላኛው ግን ባትሪውን ተቀብሎ ጠባሳዋን በገዛ ዓይኑ ካየ በኋላ፣ «እንቆያለን» አለ።

ሁለት ቀን ፈጀ። መስታወቱ ተለወጠ፣ ጨረሩ ከሚያልፍበት ቧንቧ አየሩ እንደገና ተመጠጠ፣ ጨረሩ እንደገና ተስተካከለ፤ እሱም ምስሉን አራት ጊዜ አይቶ፣ ካሜራውን አራት ጊዜ ገፍቶ ፈረመ። ሦስተኛው ቀን አሥር ሰዓት ላይ በሩ ላይ ያለው ቀይ መብራት በራ፣ ሁሉም መነጽሩን አጠለቀ፣ ኃላፊዋ ከሦስት ወደ ኋላ ቆጠረች። ድምፅ የለውም፤ መዝጊያው ቀጭ አለ፣ በቃ። ሰው ሁሉ ወደ ስክሪኑ። በዚያች በሚለካት የሰከንድ ቅንጣት፣ በፌምቶ ሰከንድ፣ ሃያ አምስት የነበረችው ምት አሥራ አንድ ሆናለች፤ ጉልበቷ ያው፣ ብርታቷ ከእጥፍ በላይ። ማንም አልጮኸም። ሽማግሌው ገብተው ስሷን ብርጭቆ በባትሪ አበሩባት፣ ጎንበስ ብለው ግራ ቀኝ አዩዋት፣ ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀሰሩ፤ ያኔ ነው ኃላፊዋ ወንበር ስባ የተቀመጠችውና መነጽሯን ሳታወልቅ ያለቀሰችው። ተኩሱን ሃምሳ ጊዜ ደገሙት። ሃምሳውም ጊዜ አሥራ አንድ፣ አሥራ አንድ፣ አንዳንዴ አሥራ ሁለት።

ቤቱ ሲገባ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ብርድ ልብሱን ከመጋረጃው ላይ ነቀለው፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ደወለ። አወራ። ስለ ጠባሳዋ አወራ፣ ስለ ሽማግሌው አወራ፣ ኃላፊዋ መነጽሯ ሥር እንዴት እንዳለቀሰች፣ ቀዩ እንዴት ዞሮ ሰማያዊው እንዴት በአቋራጭ እንደደረሰ፣ እንግዳው ሲወጣ እጁን ጨብጦ ምን እንዳለው፤ ቆሞ አወራ፣ ተቀምጦ አወራ፣ አልጋው ላይ ተንጋሎ አወራ። እታለም ዛሬ አንድ ነገር ይዟታል፤ ቶሎ ቶሎ ትስቃለች፣ አፏን በእጇ ትይዛለች።

«ምንድን ነው እታለም?»

«ምንም። አንተ ቀጥል... ኧረ አልቻልኩም! ስማኝማ፣ ሐኪም ቤቱ እንደሱ ጉሮሯቸው የተቆረጠ ሰዎች በየሳምንቱ የሚገናኙበት ቤት አለው። እዚያ አንድ ሰውዬ አየር ውጦ እንደ ግሳት እየመለሰ መናገር አስተምሮታል። ወር ሙሉ ጓዳ ገብቶ ሲያገሳ ከረመ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምን በልቶ ነው ይላል! 'እንዳትነግሪው' ብሎ አስምሎኝ ነው። ቆይ፣ ቆይ፣ ሊሞክር ነው።»

ስልኩ ተንኮሻኮሸ። ከወዲያ አንድ ነገር ተዋጠ፤ ከዚያ ውሃ ለቀናት ጠፍቶ የሚመጣ ጊዜ ቧንቧው አስቀድሞ አየር እንደሚተፋው ያለ ድምፅ፣ ጉርምርም፣ እብጥ፣ ቁርጥ፦

«ብ... ዙ... ታወራ... ለህ።»

የጋሼ ድምፅ አይደለም፤ ምኑም የጋሼን አይመስልም፤ ደግሞ ከጋሼ በቀር ማንም ሊሆን አይችልም። መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ቆየ። እንባው በጣቶቹ መሃል ወረደ፣ ሳቁም አብሮ ወረደ፣ የትኛው እንደቀደመ አልታወቀውም።

«እሺ ዝም ልበል እንዴ፣ ጋሼ?»

አየሩ እንደገና ተዋጠ። እታለም ትንፋሿን ይዛለች። ረጅም ጊዜ ወሰደ፣ እሱም አልቸኮለም።

«ቀ... ጥል።»

ቀጠለ።